ስለ አፈር ናሙና አወሳሰድና በድሬዳዋ ዙሪያ ስላለው የእርሻ መሬት መለያየት

አንድ ተማሪ መሰርሰሪያና ከረጢት ይዞ ወደ ሰው ማሳ ሲገባ ከባለ መሬቱ የሚቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ከዚህ ሁሉ መሬት ይህችን እፍኝ አፈር ወስዳችሁ ምን ልታውቁ ነው?» ይባላል። ጥያቄው የየዋህ ይመስላል እንጂ የአፈርን ጥናት ዋና ችግር በአንድ ጊዜ የሚነካ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ምሳሌ የምናደርገውም ከድሬዳዋ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ደንገጎ አናት የሚደርሰውን ተዳፋትና በላዩ የሚታረሰውን መሬት ነው፤ ምክንያቱም አፈር ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀረበ መማሪያ ማግኘት አይቻልም።

አስቀድመን የገበሬውን ጥርጣሬ በቁጥር እናስቀምጠው። የግማሽ ሄክታር ማሳ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት 1.2 ቶን ነው ብንል በጠቅላላው 1,200 ቶን አፈር አለ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በከረጢት ይዘን የምንሄደው አንድ ኪሎ ነው። በላቦራቶሪ የፎስፎረስን መጠን ለማወቅ በተለመደው ዘዴ የሚመዘነው ደግሞ 2.5 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ በጠርሙሱ ውስጥ የምናየው ከማሳው 480 ሚሊዮን እጅ አንዱ እጅ ነው። የኬሚስትሪው ሥራ የቱን ያህል የተጣራ ቢሆን፣ ይህች ትንሽ እጅ የማሳው እውነተኛ ወኪል ካልሆነች፣ የምናገኘው ቁጥር ስለዚያ ማሳ የሚናገረው ነገር የለም። ስሕተቱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በላቦራቶሪ ሳይሆን በማሳው ላይ ነው፤ በማሳው ላይ የተሠራውን ስሕተት ደግሞ ላቦራቶሪው ሊያርመው አይችልም።

የከፊራ ገበያ እህል ነጋዴ ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። የማሽላ ጆንያ ሲቀርብለት አፉን ከፍቶ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይገዛም። በሹል ብረቱ ጆንያውን ከጎኑም ከሥሩም ወግቶ የወጣውን እህል በመዳፉ አፍስሶ ያየዋል። ከላይ ያለው ከታች ካለው ሊለይ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። አፈር ግን ከጆንያው ማሽላ የሚለይበት ነገር አለ። በጆንያው ውስጥ ልዩነት ቢኖር ሰው ያደረገው ነው፤ የአፈሩ ልዩነት ግን ሥርዓት ያለውና ምክንያቱ ሊመረመር የሚችል ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው መሰርሰሪያውን የት እንደሚተክል ያውቃል።

ትውልዱ ከስዊዘርላንድ የሆነው በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረው ሃንስ ጄኒ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ አፈር የአምስት ነገሮች ውጤት መሆኑን ገልጿል። እነሱም የአየር ጠባይ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ አፈሩ የተገኘበት ድንጋይና ያለፈው ዘመን ናቸው። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ በመኪና የሚወርድ ሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ አምስቱም ሲለዋወጡ ያያል። ከላይ በሐረማያ በኩል ያለው ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማው ያለው ግን በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከላይ ብርድ አለ፤ ከታች በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ሙቀቱ ያንኑ ቶሎ ያተነዋል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ያልወጣው ይኸው ተዳፋት እጅግ ገደል ስለሆነና ወጪው ስለሚከብድ ነበር። ሐዲዱ ያልወጣውን ተዳፋት አፈሩ ግን ከሐዲዱ በፊትም በኋላም ሲወርደው ኖሯል።

ድንጋዩም እንዲሁ ይለዋወጣል። በተዳፋቱ ላይ ጥንታዊው ግራኒትና የእሱ ወገኖች፣ አሸዋ ድንጋይ፣ በሃ ድንጋይ፣ አንዳንድ ቦታም ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታያሉ። በሃ ድንጋዩ የድሬዳዋን የሲሚንቶ ፋብሪካ ያስገኘው ነው። ግራኒትና አሸዋ ድንጋይ ሲፈራርሱ አሸዋማና ውኃ የማይዝ አፈር ይሰጣሉ፤ በሃ ድንጋይ ኖራ የበዛበት አፈር ይሰጣል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ሸክላማ አፈር ያስገኛል። ገበሬዎቹ ይህን በገዛ ቋንቋቸው ለይተው ሰይመውታል፤ በኦሮምኛ ቀዩን «ቢዬ ዲማ»፣ አሸዋማውን «ጭራቻ»፣ ጥቁሩን ሸክላማ «ኮቲቻ» ይሉታል። ናሙና ሊወስድ የሚሄድ ተማሪ ካርታ ባይኖረው እነዚህን ሦስት ቃላት ቢያውቅ ግማሹን ሥራ ጨርሷል ለማለት እደፍራለሁ።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። በጣም የቀጠነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ማፍሰሻ ይዞ አፈሩ ላይ አንድ ጠብታ መጣል ነው። ኖራ ያለበት አፈር ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ ኖራ የሌለበት ዝም ይላል። ነገር ግን አንድ የሚያስት ነገር አለ። ግራኒት ላይ የተቀመጠ አፈር አረፋ ሲያወጣ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህም የሚሆነው ከላይ ያለው በሃ ድንጋይ በጎርፍ እየታጠበ ኖራው ከታች ባለው አፈር ላይ ስለሚጋገር ነው። ስለዚህ ከእግር በታች ያለውን ድንጋይ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ቀና ብሎ ከላይ ያለውንም ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የጎረቤት አገር ሥራ ማንሣት ይገባል። በታንጋኒካ በአማኒ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ሚልን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ አፍሪካ ኮረብታዎች ላይ ሲመላለስ አንድ ነገር አስተዋለ። በየኮረብታው ከአናቱ እስከ ግርጌው ያለው አፈር በተለያየ ዓይነት ቢከፋፈልም ቅደም ተከተሉ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ያው ነው። ይህን ቅደም ተከተል በላቲን ቋንቋ ሰንሰለት ማለት በሆነው ቃል ሰየመው። አናቱ ላይ ያለው ቀለበት የሚያጣውን የግርጌው ቀለበት ይቀበለዋል። በተዳፋቱ መካከል ያለው አፈር ቀጭን ነው፤ የተቀበለውን ይዞ አያቆይምና። ይህ የሚልን ሐሳብ ለናሙና ሥራ ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ከአናት፣ ከወገብና ከግርጌ የተወሰደን አፈር በአንድ ከረጢት መቀላቀል ሦስት ሰዎችን አንድ ላይ መዝኖ አማካዩን የሦስቱም ክብደት ነው እንደ ማለት ይሆናል።

ከተዳፋቱ በታች ያለው ሜዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች፣ ደቻቱን ጨምሮ፣ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ናቸው፤ ከላይ ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላሉ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ መሄዱን የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ያ ጎርፍ ለከተማው መዓት ነበር፤ ለአፈር ተማሪ ግን ሜዳው እንዴት እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ነው። ውኃው ከጠባቡ ሸለቆ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነቱን ሲያጣ በመጀመሪያ ቋጥኙን ይጥላል፤ ከዚያ ጠጠሩን፤ ከዚያ አሸዋውን፤ ደለሉንና ሸክላውን ግን ርቆ ይወስዳል። ከዚህም የተነሣ ሜዳው ከሸለቆው አፍ ጀምሮ እንደ እጅ ማራገቢያ ተዘርግቶ፣ ወደ ተራራው የቀረበው ድንጋያማ፣ የራቀው ደቃቅ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀጥተኛ ብቻ ቢሆን ሥራችን በቀለለ ነበር። ወንዙ ከዓመት ወደ ዓመት መንገዱን ይለውጣል። ዛሬ ደለል ባለበት ቦታ ከሥሩ ያለፈው ዘመን ጠጠር ይገኛል። መሰርሰሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ በለስላሳ ደለል ውስጥ ወርዶ በድንገት ጠጠር ላይ ይቆማል፤ አሥር እርምጃ ራቅ ብለን ስንሰረስር ሜትር ሙሉ ደለል እናገኛለን። ሁለቱም ቦታ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በላቦራቶሪም የላይኛው አፈራቸው አንድ ዓይነት ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ዝናብ ሲዘገይ ግን በመጀመሪያው ቦታ ያለው ማሽላ በሳምንት ይጠወልጋል፤ በሁለተኛው ያለው ይቆያል። የጎርፍ ውኃ ጠልፈው ማሳቸውን በሚያጠጡ ገበሬዎች ዘንድም በትንሹ ይኸው ይደገማል። አሸዋው በቦዩ መግቢያ አጠገብ ይቀራል፤ ደቃቁ ወደ ማሳው ጫፍ ይሄዳል።

በጉድጓድ ውኃ አትክልትና ፍራፍሬ በሚለማበት በመልካ ጀብዱ በኩል ደግሞ የጨው ነገር ይመጣል። ውኃው ይተናል፤ በውስጡ የሟሟው ጨው ግን አይተንም። በትልም በሚጠጣ ማሳ ላይ ውኃው ከቦዩ ወደ መደቡ እየሳበ ስለሚወጣ ጨው የሚከማቸው በቦዩ ሳይሆን በመደቡ አናት ነው። እንግዲህ አንዱ ተማሪ ከቦዩ ውስጥ፣ ሌላው ከመደቡ አናት ናሙና ቢወስዱ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ሳለ፣ አንደኛው «ይህ መሬት ደኅና ነው» ሁለተኛው «ይህ መሬት በጨው ሊበላሽ ነው» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

እስካሁን የተናገርነው ተፈጥሮ ስላደረገችው ልዩነት ነው። ሰው ያደረገው ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ እኔም የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከከተማው በስተደቡብ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ወደ አንድ የማሽላ ማሳ ሄድን። ማሳው ከቤቱ በላይ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ግማሽ ሄክታር ያህል ነው። ፀሐይዋ ከብዳ ነበር፤ የላይኛው ክፍል ድንጋያማ ስለሆነ መሰርሰሪያውም እንቢ አለን። ስለዚህ በቤቱ በኩል ባለው ለስላሳ አፈር ላይ አምስት ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቀላቅለን፣ ጥላ ሥር ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ውጤቱ ሲመጣ ፎስፎረሱ እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። እኛም ደስ ብሎን ሄደን «አባባ፣ መሬትዎ ፎስፎረስ አልቸገረውም፤ ለዚህ ማዳበሪያ ገንዘብዎን አያውጡ» አልናቸው። ሽማግሌው አመኑን። ማዳበሪያ ሲገዙ ከኖሩት ያን ዓመት ተዉት።

በመኸር ስንመለስ ከቤቱ አጠገብ ያለው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እስከ ኮረብታው ድረስ አጭር ነው፤ ቅጠሉም ገና በቡቃያነቱ ወይን ጠጅ መስሎ እንደ ነበር ነገሩን። ይህ የፎስፎረስ እጥረት የታወቀ ምልክት ነው። ሽማግሌው አልተቆጡንም። በዱላቸው የቆፈርንበትን ቦታ እያሳዩ «ልጆቼ፣ ይህ እኮ የአባቴ የከብት በረት የነበረበት ነው። በረቱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ይህማ ምን ይቸግረዋል?» አሉ። ብንጠይቃቸው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይነግሩን ነበር። አልጠየቅናቸውም።

የከብት ፍግና የምድጃ አመድ የወደቀበት ቦታ ፎስፎረሱን ለብዙ ዘመን ይዞ ይቆያል፤ ፎስፎረስ እንደ ናይትሮጅን በቀላሉ በውኃ ታጥቦ ወይም ወደ አየር ተንኖ አይሄድምና። ስለዚህ አሮጌ በረት፣ አሮጌ የቤት ቦታ፣ አውድማ፣ ፍግ ተከምሮ የነበረበት፣ የዛፍ ጥላና ኩይሳ፣ እነዚህ ሁሉ በማሳው ውስጥ የራሳቸው ደሴት ናቸው። የድንጋይ እርከንም እንዲሁ። በእርከኑ ካብ ጀርባ ከላይ የወረደው አፈር ተከማችቶ ጥልቅና ለም ይሆናል፤ በዚያው መደብ ላይኛው ጠርዝ ግን የታችኛው ፈዛዛ አፈር ተገልጦ ይታያል። በአንድ መደብ ላይ በጥቂት እርምጃ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ። ጫት በመስመር በሚተከልበትና ፍጉ ለጫቱ ብቻ በሚሰጥበት ማሳም በመስመሩና በመስመሮቹ መካከል ያለው አፈር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በአንድ ማሳ ውስጥ ስንት ቦታ መቆፈር ይገባል? መልሱ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ የምንለካው ነገር በምን ያህል ይለያያል? እኛስ ምን ያህል ስሕተት እንፈቅዳለን? የልዩነቱን መጠን በአማካዩ መቶኛ ብንገልጸው፣ የሚፈለገው የጉድጓድ ቁጥር ይህ መቶኛ በሁለት ተባዝቶ፣ ለምንፈቅደው ስሕተት ተካፍሎ፣ የተገኘው ራሱን በራሱ ሲባዛ የሚሰጠው ነው። በሁለት የተባዛው ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ያህል ልክ እንድንሆን ነው። ለምሳሌ የአንድ ነገር ልዩነት 10 በመቶ ቢሆንና ስሕተቱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ብንፈልግ 4 ጉድጓድ ይበቃል። ልዩነቱ 40 በመቶ ቢሆን ግን 64 ጉድጓድ ያስፈልጋል። 80 በመቶ ቢሆን 256። ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን ድካሙ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ሁሉም የአፈር ጠባይ እኩል አይለያይም። ፒ ኤች በአንድ ማሳ ውስጥ ብዙም የማይለያይ ሆኖ ይታያል፤ የአሸዋና የሸክላው መጠን መካከለኛ ነው፤ ፎስፎረስ፣ ጨውና ውኃ በአፈር ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ግን እጅግ ይለያያሉ። ስለሆነም ለፒ ኤች የበቃ ናሙና ለፎስፎረስ አይበቃም። የፒ ኤች ጥቂት መለያየት ራሱ በከፊል የዓይን ማታለል ነው፤ ቁጥሩ ሎጋሪዝም ነውና። በ6.5ና በ8.5 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ሁለት ነው፤ በሃይድሮጅን አዮን መጠን ግን መቶ እጥፍ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች አማካይ 7.5 ነው ብንልም፣ የሃይድሮጅኑን መጠን አማክለን ወደ ፒ ኤች ብንመልሰው 6.8 ገደማ እናገኛለን።

የተለመደው ምክር ከአንድ ወጥ ማሳ ከ15 እስከ 20 ጉድጓድ ወስዶ መቀላቀል ነው። ልዩነቱ 40 በመቶ በሆነ ነገር ላይ 20 ጉድጓድ የሚሰጠን ስሕተት 18 በመቶ ገደማ ነው። ለማዳበሪያ ምክር ይህ ይበቃል። የእኛ አምስት ጉድጓድ በትክክል ተበትነው ቢሆን እንኳ ስሕተታቸው ከ35 በመቶ በላይ ይሆን ነበር፤ እነሱ ደግሞ በአንድ በረት ላይ የተከማቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 በኦክስፎርድ የነበሩት ቤኬትና ዌብስተር የብዙ አገሮችን ጥናት አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በአንድ ማሳ ውስጥ ካለው ልዩነት እስከ ግማሽ የሚሆነው በማናቸውም አንድ ሜትር ካሬ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ገልጸዋል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ብዙ አፈር መውሰድ ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት መውሰድን አይተካም።

መቀላቀል ግን ዋጋ ያስከፍላል። የተቀላቀለ ናሙና አማካዩን ይነግረናል፤ ልዩነቱን ያጠፋዋል። ማሳው ወጥ ካልሆነ አማካዩ ለማንኛውም ክፍል የማይሆን ቁጥር ነው። ስለዚህ መቀላቀል ያለበት ማሳውን በየጠባዩ ከከፋፈሉ በኋላ ነው፤ አከፋፈሉም የሚጀምረው ከባለ መሬቱ ጋር ተቀምጦ በመነጋገር ነው። በረቱ የት ነበር? ጎርፍ የገባው በየት በኩል ነው? ካቡ የተሠራው መቼ ነው? ውኃ የሚቆመው የት ነው? ቀድሞ የሚጠወልገው የትኛው ነው? ከዚህ በኋላ በየክፍሉ እየተጠማዘዙ መሄድ፣ ከድንበሩ፣ ከመንገዱና ከዛፉ ሥር መራቅ ያስፈልጋል።

ጥቃቅን ከሚመስሉት ነገሮች ብዙ ናሙና የሚያበላሹትን ልጥቀስ። ጉድጓዱ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከሆነ የላይኛው ለም አፈር ከድርሻው በላይ ይገባል፤ በአካፋ ሲሠራ ግድግዳውን አቅንቶ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ መውሰድ ነው። የዚንክ ቅብ ባልዲ ዚንክ ለሚለካበት ናሙና አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ማዳበሪያ ተይዞበት የነበረ ከረጢት ነው፤ በገጠር በቅርብ የሚገኘው ከረጢትም እሱ ነው! አፈሩ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ይደርቅ። መለያው በእርሳስ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም በእርጥብ አፈር ይለቃልና። አንዱ መለያ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ይሁን።

በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ደግሞ የድንጋዩ ነገር አለ። ላቦራቶሪው አፈሩን በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍቶ ጠጠሩን ይጥለዋል። ውጤቱ የደቃቁ አፈር ብቻ ነው። ከማሳው መጠን 40 በመቶው ድንጋይ ቢሆን፣ ለሰብሉ የቀረለት አፈር 60 በመቶው ብቻ ነው፤ ይህን ያላሰበ ሰው በሄክታር አለ የሚለው ምግብ በእጅጉ የተጋነነ ይሆናል። በእኔ አስተያየት እኛ ተማሪዎች ፒ ኤች መለካት እናበዛለን፤ መሣሪያው ቀላል ቁጥሩም ንጹሕ ስለሆነ ይሆናል። የአፈሩን ጥልቀትና የድንጋዩን ብዛት ግን የሚለካ ጥቂት ነው። በዚህ አገር ዝናብ ላይ ማሽላው ደርሶ መታጨዱን ወይም ደርቆ መቅረቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ጥልቀቱ ነው፤ ለመለካት የሚያስፈልገውም አንድ ብረትና አንድ መዶሻ ነው።

ይህ ሥራ በአካባቢያችን አዲስ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ጣቢያው የመጀመሪያ ቡለቲን እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመው በአፈር ለምነት ላይ ነበር። ጸሐፊው ኤች. ኤፍ. መርፊ ሥራውን ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1963ና በ1968 ተጨማሪ አወጣ። የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው የሚለው አስተያየት ከዚህ ሥራ ተወስዶ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ፤ የማዳበሪያው ምክርም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ላይ ብቻ ቆመ። ለብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ምክር፣ ይኸውም በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ፣ ሲሰጥ ኖሯል። ጥፋቱ የመርፊ አይመስለኝም። በአንድ ሰው ዘመን አገር የሚያህል መሬት ለማየት የተወሰደ ናሙና አገርን በጥቅሉ ያሳያል፤ የአንድን ገበሬ ማሳ እንዲያሳይ አልተወሰደም። ጥፋቱ ለአንዱ ጥያቄ የተወሰደውን ናሙና ለሌላው መልስ ማድረግ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት በየወረዳው ብዙ ሺህ ናሙና አሰባስቦ ካርታ አዘጋጀ፤ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም የሚጎድልባቸው ቦታዎች መኖራቸውን አሳየ፤ ከዚህም የተነሣ ዳፕ በሌሎች ቅልቅል ማዳበሪያዎች ተተካ። እንዲህ ባለ ካርታ ላይ በናሙናዎቹ መካከል ያለው ቦታ የሚሞላው በሒሳብ ግምት ነው። ከሒሳቡ ዘዴዎች አንዱን የደቡብ አፍሪካው የማዕድን መሐንዲስ ዳንኤል ክሪግ እ.ኤ.አ. በ1951 የወርቅ ክምችት ለመገመት ጀመረው፤ ፈረንሳዊው ማተሮን በ1960ዎቹ ሥርዓት አስያዘው። መሠረቱ ቅርብ የሆኑ ቦታዎች ከሩቆቹ ይልቅ ይመሳሰላሉ የሚል ነው። ይህ በሰፊ ሜዳ ላይ ያስኬዳል። በተዳፋታችን ላይ ግን አንድ ካብ መሻገር በሃ ድንጋይን ትቶ ግራኒት ላይ መውጣት ሊሆን ይችላልና ካርታው መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይገባም።

የመለኪያውም ዘዴ እንደ አፈሩ ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ፎስፎረስ ከካልሲየም ጋር ተያይዞ ይቀመጣል፤ ለዚህ ተብሎ ኦልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 በሶዲየም ባይካርቦኔት የሚያወጡበትን ዘዴ አሳዩ። ለኮምጣጣ አፈር በተሠራው አሲዳማ ዘዴ ቢለካ ኖራው አሲዱን ስለሚያበርደው ቁጥሩ ይዛባል። በምዕራብና በመካከለኛው ደጋ ለኮምጣጣ መሬት የሚመከረውን ኖራ አምጥቶ እዚህ በሃ ድንጋይ ሥር ባለ ማሳ ላይ መበተንም ገንዘብን መበተን ነው።

ወደ ሽማግሌው ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ከዘር በፊት ተመለስን። በዚህ ጊዜ መሰርሰሪያውን ከማውጣታችን በፊት ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠን ማሳቸውን በዱላ መሬት ላይ እንዲሥሉልን ለመንናቸው። ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ የበረቱ ቦታ፣ መካከሉ፣ የኮረብታው ጠርዝ። ከየክፍሉ 15 ጉድጓድ ወስደን በሦስት ከረጢት ለየነው። በኮረብታው ጠርዝ ብረቱ ብዙ ሳይወርድ ድንጋይ ስለነካ እዚያ የጻፍነው ጥልቀቱን ጭምር ነው። ውጤቱ እስኪመጣም እሳቸው የሚሉት እንዳይቀር ተስማማን፤ በየክፍሉ ሁለት ትልም ያህል ማዳበሪያ ሳይነካው ተዘርቶ፣ በግራና በቀኙ ማዳበሪያ ያገኘው እንዲበቅል፣ በመኸር እኛም እሳቸውም አብረን ቆመን እንድናየው ነው። የትልሞቹን ጫፍ በኖራ በተቀባ ድንጋይ ምልክት አድርገንበታል።